ፍሬም ቤቱ ዓሣ ቤት ሲሆን

ገዛኸኝ ከጊዮርጊስ ወደ ራስ መኮንን ድልድይ በሚያወርደው መንገድ ዳር አንዲት ፍሬም ቤት ነበረችው። ሥራው መስታወት ቆርጦ ፎቶ ማስገባት ነው። በቀይ ሽብሩ ጊዜ ሥራ በዛለት፤ እንዲያ ያለውን ገበያ ግን ማንም አይመኘው። እናቶች የልጆቻቸውን ጉርድ ፎቶ አሳድገው፣ በነጠላቸው ሸፍነው ያመጡለታል። ለቅሶ የተከለከለበት ዘመን ነበርና ዓይን ለዓይን ሳይተያዩ ይቀባበላሉ።

በ1970 ዓ.ም. ተራው የእሱ ሆነ። አንድ ልጁ አዲስአለም ተገድላ መንገድ ዳር ተገኘች። ሚስቱ ምብራት ከቤት መውጣት ተወች። ገዛኸኝም የልጁን ፎቶ ፍሬም ሊያደርግ መቁረጫውን አነሣና መልሶ አስቀመጠው። ሱቁን ዘግቶ ከረመ።

ከዓመት በኋላ ሙሴ ብሩኖ የሚባሉ ሽማግሌ ጣሊያን መካኒክ፣ የሚያፈስ የዓሣ ገንዳ አሸክመው ቤቱ መጡ።

«እባክህ ገዛኸኝ፣ ይህችን ድፈንልኝ።»

«እኔ እኮ ሥራ ትቻለሁ፣ ሙሴ።»

«እኔም አገሩን ልተወው ነው። ዓሦቼን ግን ባልዲ ውስጥ ጥዬ አልሄድም።»

እምቢ ማለት ከበደው። ሱቁን ከፍቶ ስንጥቁን በስቱኮ ደፈነ። ሙሴው ግን ጉዞው ደረሰባቸውና ዓሦቹን ከነውኃቸው ልከው «ላንተ ይሁኑ» አሉት።

ገንዳውን መስኮቱ ላይ አኖረው። ሰው ተሰብስቦ መቆም በሚፈራበት በዚያ ጊዜ፣ አላፊ አግዳሚው ቀያዮቹ ዓሦች ፊት ይቆም ጀመር። እየዋለ እያደረ «ይሸጣሉ?» የሚል መጣ። ገዛኸኝ አሰበበትና የንግድ ፈቃዱን ሊያስለውጥ ቀበሌ ሄደ።

«በዚህ ጊዜ የጌጥ ዓሣ ማን ይገዛሃል?» አሉት ሊቀ መንበሩ።

«አላውቅም፣ ጓድ ሊቀ መንበር። የሚያያቸው ግን አላጣሁም።»

ሊቀ መንበሩ ፈረሙለት። የሟች ወንድማቸውን ፎቶ ፍሬም ያደረገላቸው እሱ ነበር፤ ሁለቱም አላነሡትም።

ገዛኸኝ አዳዲስ ገንዳዎች ሠራ፤ ከአገር ከሚወጡ ፈረንጆች ቤት ዓሣ አሰባሰበ። ገንዳዎቹን ከቧንቧ ሞልቶ ዓሦቹን ለቀቀባቸው። በማግሥቱ አብዛኞቹን ሆዳቸውን ወደ ላይ ገልብጠው ተንሳፍፈው አገኛቸው። ነፍስ የቀረችላቸውን ጥቂቶች በባልዲ ይዞ ቤቱ ሄደና ደጃፉ ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። ለልጁ ያላለቀሰውን ጭምር አለቀሰ።

ምብራት ወጥታ አየችው። ውኃ ሲጠፋ ይሆናል ብላ በበርሜል ካጠራቀመችው ቀድታ ዓሦቹን ወደዚያ አዛወረቻቸው። ጥቂት ቆይተው ጅራታቸውን ያወናጭፉ ጀመር።

«የቧንቧው ውኃ መድኃኒት አለበት» አለች። «እኔ እንኳ ሳላሳድረው አልጠጣውም፤ ይሸተኛል።»

ከዚያ ወዲያ ውኃ ማሳደር የእሷ ሥራ ሆነ። መጀመሪያ ጀሪካኑን በሰው ትልክ ነበር። ሰነባብታ ራሷ ይዛ መጣች። በመጨረሻም ከባንኮኒው ኋላ ወንበር ያዘች። ጥቁር ልብሷን አላወለቀችም፤ ስለ አዲስአለምም አያወሩም። ግን ጎን ለጎን ተቀምጠው ዝም ማለት ቻሉ፤ ይህ እንኳ ቤታቸው ውስጥ አቅቷቸው ነበር።

ሱቁ ሀብት አላመጣላቸውም፤ ክፉውን ዘመን ግን አሻገራቸው። የገዛኸኝ ዓይን ሲደክም ገንዳ መሥራቱን ተወና ውኃ ቀጂ ሆነ፤ ሻጯ ምብራት ናት። የሰፈር ልጆች ገብተው መስታወቱን በጣታቸው ሲያንኳኩ ትቆጣለች።

«ቀስ በሉ! ይደነግጣሉ!»

ድምፅዋ አስፋልቱን ተሻግሮ ማዶ ድረስ ይሰማል።