ዋንጫው ደጄ የመጣ ዕለት

የበደለኝ አንማው ነው፤ የልጄ የክርስትና አባት። የዛሬ ሦስት ዓመት፣ ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ለዋንጫ በተጋጠሙበት እሑድ። ሰው «የኳስ ነገር ነው፣ እርሺው» ይለኛል። ኳሱን ረስቼዋለሁ። እሱን ግን አልረሳሁትም።

ልጄ ይበልጣል የፍኖተ ሰላም በረኛ ነበር፤ አንማው ደግሞ የደጋፊዎቹ አለቃ። ጨዋታው አንድ ለአንድ ሆኖ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው፣ ሽታሁን የሚባለው የቡሬ አጥቂ ከእኛ ተከላካይ ጋር በጭንቅላት ተጋጭቶ ጎሉ አጠገብ ወደቀ። ኳሷ ርቃ ስለነበር የዳኛውም የሰዉም ዓይን እሷ ላይ ነው። ልጁ ምላሱ ታጥፎ ትንፋሽ አጥሮት ሲንፈራገጥ ያየው ይበልጣል ብቻ ነበር። ጎሉን ትቶ ሮጠ። በጎኑ አስተኝቶ አፉን ከፈተለት። በዚህ መሃል ሌላ የቡሬ ተጫዋች ኳሷን ከሩቅ መታት፤ ባዶ ጎል ገባች። ዳኛው አጸደቀው።

ሽታሁንን ሆስፒታል ወሰዱት፤ ተረፈ። እኛ ተሸነፍን።

አንማው ሜዳው መሃል ቆሞ «ይህን ልጅ ክርስትና ያነሣሁበት እጄ ይቆረጥ!» ብሎ ጮኸ። ጥላዬን ይዤ እዚያው ነበርኩ። አየኝ። ቃሉን አልመለሰም።

ልጄ ቤት ገብቶ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ። አመሻሽ ላይ ደጃችን መኪና ቆመ። የቡሬ ደጋፊዎች ናቸው። ሊሳለቁብን የመጡ መስሎኝ ዱላ አነሣሁ። ከበሮ ይዘዋል፤ ግን አይመቱትም። ከፊት ያሉት ሽማግሌ ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«እሜቴ፣ የበረኛው እናት እርስዎ ነዎት?»

«ብሆንስ?»

«የሽታሁን አጎት ነኝ። ልጅዎ ሳይነካው ይህን ዋንጫ ቡሬ አናስገባውም ብለን ነው።»

ይበልጣል ወጣ። ሽማግሌው ትከሻውን ስመው ዋንጫውን አስያዙት። ጠላ ነበረኝ፣ ቀዳሁላቸው፤ ቆመው ጠጡ። አንዱ ጎረምሳ «ለከርሞም እንዲሁ ጎሉን ክፍት አድርገህ ጠብቀን እንግዲህ!» አለው።

«ለከርሞ አንተ ብትወድቅ ዞሬም አላይህ!» አለ ልጄ። ሁሉም ሳቁ፤ እሱም ሳቀ። ከዚያ በኋላ ሲስቅ አላየሁትም።

ከአጥሩ ማዶ አንማውና ጓደኞቹ ቆመው ነበር። «ይኸው! ዋንጫውን ቤቱ ድረስ አመጡለት! ሽጦናል አላልኳችሁም?» አለ። የሽማግሌውን ቃል ሰምቶታል። እዚያ ሆኖ የእኔን ሳል እንኳ የሚሰማ ሰው ነው።

ወሬው በማግስቱ ከተማውን ሞላው። ቡድኑ ልጄን ልምምድ አትምጣ አለው። ሻይ ቤት ሲገባ አብሮ አደጎቹ ሂሳብ ከፍለው ይወጣሉ። እኔ ለማን ሄጄ ላስረዳ? ሊያስረዳልኝ የሚገባው የክርስትና አባቱ ነበር።

አንድ ማለዳ «ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ልውረድ» አለኝ። አልከለከልኩትም። መጀመሪያ ስልኩ ይጠራ ነበር፤ አሁን አይጠራም። ከዚያ የመጣን ሰው ሁሉ እጠይቃለሁ። አየሁት የሚል የለም።

የሽታሁን አጎት በየበዓሉ ከቡሬ ይደውሉልኛል። «መጣ ወይ?» ይላሉ። «አልመጣም» እላለሁ። የቡሬ ሰዎች ያን ዕለት ባይመጡ ኖሮ ልጄ ዛሬ ቤቱ ነበር እያልኩ የማስብበት ጊዜ አለ። ልወቅሳቸው ግን አፌ አይታዘዘኝም። ልጄን ያከበሩት እነሱ ብቻ ናቸው።

ባለፈው ጥቅምት የአንማው እናት አረፉ። እሳቸው ክፉ ነገር ተናግረውኝ አያውቁም። ሰፈርተኛው ነጠላውን አዘቅዝቆ ወደ ድንኳኑ ሲገባ፣ እኔ ዘንቢሌን ይዤ በደጃቸው አልፌ ገበያ ሄድኩ። ለቅሶ አልደረስኩም።