የተያዘው እሑድ

እኛ የመካነ ሰላም ሰዎች ምስጢር በመጠበቅ አንታማም፤ እዚህ ብታስነጥስ አቀስታ ከተማ ላይ «የርሐሙከላህ» ይሉሃል። ስለዚህ ሰርግ አዘጋጇ ገና ሳልቀመጥ የምስጢር ጥበቃ ውል አምጥታ «ይፈርሙ» ስትለኝ ደስታዬ ወሰን አጣ። እናቴ ከሞተች ወዲህ ብቻቸውን የሚኖሩት አባቴ «ዘንድሮ አይመቸኝም፣ ሰርግህን ለከርሞ አድርገው» ብለውኛል። እኔ ደግሞ በጎን ቀን ልቆርጥ መምጣቴ ነው።

ፈረምኩና «ከረመዳን በፊት ያለው የመጨረሻው እሑድ ይሁንልኝ» አልኳት።

«ተይዟል።»

«ማን ያዘው?»

«ወንድሜ፣ አሁን የፈረሙት ምን ይላል? የደንበኛ ስም አንናገርም።»

«የዚህ አገር ሰው ነው?»

«አልናገርም።»

«ወጣት ነው?»

ሳቋን ዋጥ አድርጋ «እሱንም አልናገርም» አለችኝ።

እንዲህ ያለች ታማኝ ሴት ከየት ተገኘች እያልኩ ሳደንቅ፣ ከኋላዋ የሙሽራ ልብስ መለኪያ ክፍሉ መጋረጃ ተገለጠና አባቴ ነጭ ሙሉ ልብስ ለብሰው ብቅ አሉ። ፊታቸው በርቶ ትከሻዬን ያዙኝ።

«አልሐምዱሊላህ!» አሉ። «ሚዜ አጥቼ ተጨንቄ ነበር።»