ለሃምሳ አለቃ እንግዳ ያልተነፋው ጥሩምባ

ሃምሳ አለቃ እንግዳ ሲሞት ሰፈሩ የሰማው ከዕድሩ ለፋፊ ነው። ክረምት ነበር። ጎረቤቶቹ ጭቃውን እየረገጡ ተሸክመውት ሀና ማርያም ቤተ ክርስቲያን ጥዱ ሥር ቀበሩት፤ በቃ። ሚስቱ ተሾመች ያኔ አልከፋትም። ጡረታ የወጣ ወታደር እንደ ማንም ሰው ይቀበራል ብላ፣ በረንዳዋ ላይ የተማሪ ዩኒፎርም እየሰፋች ኑሮዋን ቀጠለች።

የከፋት ኮሎኔል ሚሳኤል እዚያው ሀና ማርያም የተቀበሩ ዕለት ነው።

ኮሎኔሉ የጎረቤቷ የአምሳለ ባል ናቸው። ካራማራ ላይ ከእንግዳ ጋር በአንድ ሻለቃ ጦር ተዋግተዋል፤ ሁለቱም ቆስለዋል። ሴቶቹም በዚያ ጊዜ ካምፕ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው ወሬ ሲጠብቁ የከረሙ ናቸው። ለአምሳለ ባል ግን መንግሥት ራሱ መጣ። ማርሽ ባንዱ በአውቶቡስ፣ ሣጥኑ ሰንደቅ ዓላማ ለብሶ፣ ሜዳሊያዎቹ ትራስ ላይ ተደርድረው። የክብር ተኩሱ ሲሰማ የቤተ ክርስቲያኑ ርግቦች ግልብጥ ብለው ተነሡ። በመጨረሻ አንድ መኮንን ሰንደቁን አጣጥፎ፣ ጎንበስ ብሎ ለአምሳለ አስረከባት።

ተሾመች ለጓደኛዋ ከልቧ እያለቀሰች ነበር። ይህን ስታይ ዕንባዋ ደረቀ።

«የኔውስ ጠጠር ሲለቅም ነው የኖረው?» አለች በሆዷ።

ሕዝቡ ሲበተን ወደ አውቶቡሱ ሄዳ ጥሩምባ የያዘውን ወጣት ወታደር እጁን ያዘችው።

«የኔ ልጅ፣ ባለቤቴም ወታደር ነበር። እዚያ ጥዱ ሥር ነው። አንዴ ንፋለት፣ አጭርም ብትሆን።»

ልጁ አለቃውን በዓይኑ ፈለገ። «እናቴ፣ ያለ ትእዛዝ አልችልም።»

ፊቷን አይቶ ግን ጥሩምባውን ወንበሩ ላይ አኖረና ተከተላት። የዛገው የብረት መስቀል ፊት ቀጥ ብሎ ቆሞ ወታደራዊ ሰላምታ ሰጠ። የአውቶቡሱን ክላክስ ሲሰማ እየሮጠ ተመለሰ።

ሌላ ሰው ቢሆን ይጽናና ነበር። ተሾመች ግን መንገዱን ሙሉ «ለእሷ ባንድ፣ ለኔ አንድ እጅ» እያለች ቤቷ ደረሰች።

በሠልስቱ ድንኳኑ ውስጥ ሌላ ወሬ አልነበረም። ባለሱቋ ከድጃ፣ «እትዬ አምሳለ፣ እንዲህ ያለ ቀብር አይቼ አላውቅም» ስትል ተሾመች አላስቻላትም።

«ለእንግዳም ነፍተውለታል እኮ። እናንተ ከሄዳችሁ በኋላ፣ ባንዱ በሙሉ መቃብሩ ላይ መጥቶ።»

ሴቶቹ ተያዩ። «ኧረ እኛ አውቶቡሱ ሲወጣ እዚያው ነበርን» አለች ከድጃ ግራ ገብቷት።

ፍራሽ ላይ የተቀመጠችው አምሳለ ቀና ብላ ተሾመችን አየቻት።

«ነፍተዋል» አለች። «መኪና ውስጥ ሆኜ ሰምቻለሁ።»

ኀዘንተኛን ማን ይከራከራል? ወሬው ተቀየረ። የተሾመች ፊት እስከ ጆሮዋ ድረስ ጋለ። ለቀስተኛው ሲሳሳ አምሳለ ጠጋ አለቻት።

«ምነው ሳትነግሪኝ ተሹ? እኔ ብጠይቃቸው እምቢ አይሉኝም ነበር።»

በደግነት ነው ያለችው። ተሾመችን ያቃጠላትም ይኸው ነው፤ ለእንግዳ የመለመን ወጉ እንኳ የአምሳለ ሆነ።

«አንቺማ ምን ይሳንሻል» ብላ ነጠላዋን ሰብስባ ወጣች።

አራት ቀን ሳትመጣ ቀረች። ለአርባው ግን ጉድ ጉድ ስትል የዋለችው እሷ ናት። ምግብ እየቀረበ ሳለ ከድጃ ከሩቅ ለመጣች አንዲት ሴት «ለእትዬ ተሾመች ባልም በባንድ ተነፍቶላቸዋል» ብላ ጀመረች።

«ተዪው ከድጃ» አለች ተሾመች ትሪውን እንደያዘች። «አልነፉለትም። አንድ ልጅ ብቻ መጥቶ ሰላምታ ሰጠው።»

አምሳለ «በወጉ ነው የሰጠው?» ብላ ጠየቀች።

«በወጉ ነው። ቀጥ ብሎ።»

«እንዲህ ነዋ» አለች አምሳለ፣ አጠገቧ ቦታ እየለቀቀችላት። ተሾመች ተቀመጠች። ቅናቷ አልለቀቃትም፤ አሁን ደግሞ አምሳለ እንዲህ ደግ መሆኗ ጭምር አስቀናት።