ያላቀናሁት ኮሎ

ፊደል የቆጠርኩት ጎልምሼ ነው። ፍኖተ ሰላም ጋራዥ በነበረኝ ጊዜ ማንበብ አልችልም ነበር፤ ጆሮዬ ይበቃኛል እል ነበር። አሮጌ ሞተር ብስክሌት የሚያድን ከሱ ሌላ የለም ይሉኝ ነበር፤ እኔም አመንኩ።

የከብት ክትባት ሠራተኛው ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ ሰው ነው፤ ገበሬው «ዶክተር» ይለዋል። መሥሪያ ቤቱ የሰጠው ሞተር ከደርግ ጊዜ የተረፈ፣ ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር የሚቀላቀልለት ዓይነት ነበር። ቢየላው፣ ፒስተኑን ከኮሎው ጋር የሚያያይዘው ዘንግ፣ አልቆ አመጣው። ቢየላ ለመቀየር ኮሎው ይፈታል። ኮሎ የፒስተኑን ውጣ ውረድ ወደ ዙር የሚለውጠው ብረት ነው፤ ሲገጠም መቅናቱ በመለኪያ ይታያል። መለኪያው ያለው ባሕር ዳር፣ ቶርኖ ቤት ነው። እዚያ ብልከው «አቃተው» ይሉኛል ብዬ በመዶሻ ገጠምኩት። በዓይኔ አየሁት፤ የቀና መሰለኝ። አይ፣ እውነቱን ልጻፍ፦ ሲወላገድ አይቻለሁ።

በሳምንቱ ተመለሰ።

«ወንድሜ፣ ይንቀጠቀጣል። ጅጋ ስደርስ እጄ ደንዝዞ መርፌ መያዝ ያቅተኛል።»

«የብዕር እጅ ስለሆነ ነዋ፣ ዶክተር!»

ጋራዡ ደጃፍ የተቀመጡት ሁሉ ሳቁ። እሱም አብሮ ሳቀ።

ወር ሳይሞላ ከገበዝ ማርያም ሲመለስ ኮሎው የሚዞርበት ኩሽኔታ ተፈረካከሰ፤ ሞተሩ ነክሶ ቆመ። በአይሱዙ ጭኖ አመጣልኝ። ስከፍተው ውስጡ በዘይት ርሷል። ዘይት አልጎደለውም፤ የሰበረው የኔ ሥራ ነው።

ያኔ ግምገማ የሚሉት ነገር ነበር። የመንግሥት ንብረት ያበላሸ ሠራተኛ በባልደረቦቹ ፊት ይቆማል። እኔንም ጠሩኝ።

«ጥፋቱ የሠሪው ነው የነጂው?» አለኝ ሰብሳቢው።

«ዘይት ሳይቀላቅል ነድቶት ነው።»

«ኧረ ቀላቅያለሁ!» አለ ዶክተሩ።

«እኔን ምን ትለኛለህ? ብረቱን ጠይቀው» አልኩት።

ጸሐፊው ቃሌን ጽፎ አነበበልኝ፤ አውራ ጣቴን አተምኩበት። ከዚያ ወዲያ ሞተር ተከለከለ፤ ቀበሌዎቹን በእግሩ እንዲያዳርስ ተወሰነበት።

የክትባቱን በረዶ ሣጥን በትከሻው አንግቶ በጋራዤ በር ያልፍ ነበር። ባየሁት ቁጥር ከአንዱ ሞተር ሥር እጎነበሳለሁ። አንድ ቀን ብቻዬን ሳለሁ ገብቶ ውሃ ለመነኝ። ጫማውን ሲያወልቅ ተረከዙ ተልጦ ደም አዝሏል።

«ሞተሩን አልፈልገውም፣ ወንድሜ፤ አለፈ» አለ። «ልወቀው ብዬ ነው። በውነት ምን ሆኖ ነበር?»

«ዘይት ነው አልኩህ እኮ።»

ውሃውን ጠጥቶ ጣሳውን መለሰልኝ።

«እንግዲህ... ረስቼው ይሆናል» አለ። ጫማውን አጥልቆ ሣጥኑን አነሳ።

ግምገማው ላይ የዋሸሁት እንጀራዬን ፈርቼ ነው። ይሄኛውን ግን ምን ልበለው? የምፈራው ሰው አጠገቤ አልነበረም፤ አንድ ተረከዙ የተላጠ ሰው ብቻ።