ውኃ ማን ይቅዳ?

ፊደል የቆጠርሁት ከልጆቼ ደብተር ነው፤ ሒሳቡ ግን ከዚያ በፊትም ነበረኝ። ስለዚህ ትንሿ ልጄ ኮሌጅ ገብታ ኢኮኖሚክስ ስትጀምር፣ እሷ ጥያቄውን ከእንግሊዝኛው ወደ አማርኛ እየመለሰች ትነግረኛለች፣ እኔ በእርሳስ እሠራለሁ። ባለፈው ሳምንት ያመጣችው «ንጽጽራዊ ብልጫ» የሚሉትን ነው። አንድ ሰውዬና አንዲት ሴትዮ ዳቦ ይጋግራሉ፣ ሸሚዝ ይሰፋሉ። ሴትዮዋ በሁለቱም ትበልጠዋለች። ታዲያ ማን ምን ይሥራ?

«አየሽ እማ፣ ማን ይበልጣል አይደለም ነገሩ» አለችኝ። «አንዱን ሲሠሩ ከሌላው ስንት ይቀርባቸዋል ነው። ዳቦ ሲጋግር ትንሽ ሸሚዝ የሚቀርበት፣ እሱ ዳቦ ይጋግር። ከዚያ ይለዋወጣሉ፤ ሁለቱም ይጠቀማሉ።»

ሳትጨርስ መልሱን ነገርኋት። ከመጽሐፉ ጀርባ አመሳክራ «ልክ ነሽ! ማን አስተማረሽ?» ብላ ሳቀች።

እኔ አልሳቅሁም። ይህን ሒሳብ በአሥራ አንድ ዓመቴ ሠርቼዋለሁ።

በስልሳ አምስቱ ክፉ ቀን ከሮቢት ወጣ ብላ ባለች መንደር ነበርን። ማሽላው እሸት ሳይሆን ደርቋል፣ በሬዎቹ አልቀዋል፣ አባቴ ለጥጥ ለቀማ ወደ አዋሽ ወርዶ ወሬው ጠፍቷል። ከጎናችን ከደጋ የወረደች ሴት ነበረች፤ ባሏን ቀብራ ብቻዋን የቀረች። እኛ እስላም፣ እሷ ክርስቲያን፤ ያን ጊዜ ግን የምንበላውም የምንጠጣውም አንድ ላይ ነበር። ቆቦ አንድ ነጋዴ መጋዘኑን ማሽላ ሞልቶ፣ ጥጥ እየሰጠ ያስፈትላል። ለሁለት ልቃቂት ፈትል አንድ ጣሳ ማሽላ ይሰፍራል፤ ያውም ጠርዙን በመዳፉ እየላገ።

እናቴ በቀን ወይ አራት ልቃቂት ትፈትላለች፣ ወይ ከሩቅ፣ ከደረቀው ወንዝ አሸዋ ቆፍራ፣ ሁለት እንስራ ውኃ ታመጣለች። ጎረቤታችን በቀን ወይ አንድ ልቃቂት ነው፣ ወይ አንድ እንስራ። እግሯ አብጦ በጣት ሲጫኑት ጎድጉዶ ይቀር ነበር። በሁለት ቀን ሁለት እንስራ ይበቃናል፤ ስለዚህ በየሁለት ቀኑ የምትወርደው እናቴ ናት፤ ጎረቤታችን ተቀምጣ ትፈትላለች።

«ይኸ ክር ነው ገመድ? አህያ ልታስሪበት ነው?» ትላታለች እናቴ፣ ፈትሏን አንስታ።

«አህያውን አምጪልኝና አስርበታለሁ። አንቺ ሴት፣ ሰው ሳትሆኝ በሬ ነሽ።»

«በሬው አልቆ አይደል? ተተካሁ እንጂ!»

አንድ ቀን እናቴ ከውኃ ተመልሳ በራችን ላይ ዘፍ ስትል፣ ቆጥሬ የጨረስሁትን ነገርኋት።

«እማ፣ ለምን እትዬ አትቀዳም? አንቺ አንድ ቀን ስትወርጂ አራት ልቃቂት ይቀራል። እሷ ሁለቱንም ቀን ብትወርድ የሚቀረው ሁለት ብቻ ነው። አንድ ጣሳ ማሽላ እናተርፋለን!»

«ዝም በይ! ምላስሽ ይቆረጥ! እግሯን አላየሽም?»

ከግድግዳው ማዶ እንዝርቱ ዝም አለ።

በማግስቱ እንስራው በቦታው የለም። እናቴ የጀመረችውን ፈትል ጥላ ሮጠች፣ እኔም ተከተልሁ። ጎረቤታችን ግማሽ መንገድ ተመልሳ፣ እንስራውን ሞልታ አፉን በቅጠል ወትፋ፣ ቁጥቋጦ ተደግፋ አገኘናት።

«ልጅቱ ልክ ናት እኮ» አለቻት እናቴን፣ ልትስቅ እየሞከረች። «እኔም ቆጠርሁት።»

እናቴ «ያ ረቢ!» ብላ አዘለቻት። እንስራው ለእኔ ከበደኝ፤ ግማሹን ውኃ አሸዋ ላይ ደፋሁት። ያን ቀን ከሁለቱም አንድም ልቃቂት አልወጣም። በሦስተኛው ቀን፣ አስከሬኗን ቤተ ክርስቲያን የሚያደርስ ጉልበት ያለው ሰው ስናፈላልግ ዋልን። እናቴ ስለዚያ ሒሳብ አንድም ቀን አንስታብኝ አታውቅም።

እና አሁን «ሁለቱም ይጠቀማሉ» ይሉኛል! ማን ጠይቋቸው ነው? ዳቦ ጋጋሪው ምሳውን በልቶ እንደሆነ፣ ሰፊዋ እግሯ ይሸከማት እንደሆነ መጽሐፉ አይልም። ማሽላው ሁሉ አንድ ሰው መጋዘን ውስጥ ምን እንደሚሠራም አይልም። ያ ነጋዴ ዳቦም አይጋግር፣ ሸሚዝም አይሰፋ፣ ከመጽሐፉ ሰንጠረዥ ውጭ ቁጭ ብሎ ይሰፍራል። እኔ ልጅ ነበርሁ፤ ርቦኝ ነበር። መጽሐፉን የጻፉት ምን ሆነው ነው?

ልጄ ይህን ስትሰማ ቆየችና «እማ፣ ነገ ፈተና አለብኝ። ምን ብዬ ልመልስ?» አለች።

«ልኩን መልሺ። ማለፍ አለብሽ።»

ከዚያ መጽሐፉን ሳብሁና ከሰንጠረዡ ግርጌ በእርሳስ «እግሯስ?» ብዬ ጻፍሁበት።

«እማ! የኮሌጁ መጽሐፍ ነው፣ ይቀጡኛል፤ አጥፊው!»

ላጲሱን ዘረጋችልኝ። አልተቀበልኋትም።