ማን ሞቶብኝ ነው መሬት የተኛሁት?

«አንቺ፣ ማን ሞቶብሽ ነው መሬት ላይ የተኛሽው?»

ዛሬ ወደ ጄኔቭ በሚሄደው ባቡር ውስጥ ስልኬ ላይ ያለውን ፎቶ አይተው እንዲህ ያሉኝ የዙሪክ ጎረቤቴ እትዬ ብርሃኔ ናቸው። ለክርስትና ተጠርተን አብረን እየሄድን ነበር።

ማንም አልሞተብኝም። ባለፈው ወር ሱቄን ዘግቼ ጃፓንን በባቡር ዞርኩ። ያደርኩት በባህላዊ ማረፊያዎቻቸው ነው፤ ጫማ በር ላይ ይወልቃል፣ ፍራሹም ሰሌን በመሰለ ምንጣፍ ላይ ይነጠፋል።

«ሰው እረፍት ሲያገኝ አገሩ ይገባል» አሉኝ።

«አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ስገባ አንድም ጊዜ አላረፍኩም እኮ።»

(ለዘመድ ዕቃ የታጨቀ ሁለት ሻንጣ ካልጎተትን የተጓዝን አይመስለንም።)

«ሰውስ ምን ይላል?»

«የፈለገውን ይበል። ለከርሞም እሄዳለሁ።»

ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ሎዛን ስንደርስ ግን በጽዳት ሥራ ያለቀውን ጉልበታቸውን እያሻሹ ፎቶውን እንደገና እንዳሳያቸው ጠየቁኝ።

«ይሄ ከኋላሽ እንፋሎት የሚወጣው ፍልውሃ ነው?»

«አዎ፣ እዚያው ማረፊያው ግቢ ውስጥ ነው።»

«እንግዲያው ስትሄጂ ንገሪኝ። ከመሬት ስነሳ ግን አንቺ ትደግፊኛለሽ።»

እናንተስ ለራሳችሁ ብቻ ብላችሁ የሄዳችሁ ጊዜ ማን ምን አላችሁ?