ወደ ማሳው የዞረው ሞንታርቦ

የማስተምርበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየሞች ወዲህ ነው፤ ከጤፍ ማሳ የሚለየው አንድ አጥር ብቻ ነው። በኅዳር ማለዳ ጉም ሲወርድ ፎቆቹ መሠረት የሌላቸው ይመስል አየር ላይ ይንሳፈፋሉ። ጤፉ በነፋስ ሲተኛና ሲነሳ ደግሞ ግቢያችን ራሱ ቀስ እያለ የሚጓዝ ይመስለኛል።

የክበባት አስተባባሪ ሆኜ ስመደብ መጀመሪያ መልክ ያስያዝኩት ሚኒ ሚዲያውን ነው። ለማያውቅ ላስረዳ፦ ሚኒ ሚዲያ ተማሪዎች ራሳቸው ዜና፣ ግጥምና ማስታወቂያ የሚያነቡባት ክፍል ናት። የእኛዋ አጥሩ ሥር ናት፤ አንድ ማይክ አላት፣ ጣሪያዋ ላይ ደግሞ ሞንታርቦ ተሰቅሏል። ሞንታርቦው ተማሪዎች ወደሚሰለፉበት ሜዳ መዞር አለበት። ይህንን ደንብ ራሴ ጽፌ በሩ ላይ ለጥፌ ነበር።

ከሁሉም አነባበቧ የሚያምረው አንዲት የአሥረኛ ክፍል ልጅ ናት። ድምጿ ዝግ ያለ ነው፤ እሷ ስታነብ ረባሾቹ እንኳ ዝም ይላሉ። ከአጥሩ ማዶ ያለውን ማሳ የሚያርሱት አባቷ ናቸው። አጨዳ ሲደርስ፣ "ከክፍል በኋላ ልምምድ እያልሽ የምትቆዪው አይገባኝም፤ ከዚህ ዓርብ ወዲያ ክበብ የሚባል ነገር የለም" አሏት። አንድ ቀን መጥተው እንዲሰሟት ማሳው ድረስ ሄጄ ለመንኳቸው። ማጭዳቸውን ሳያስቀምጡ፣ "መምህር፣ ጤፉ ይረግፋል" አሉኝ።

ዓርብ ጠዋት ሰንደቅ ዓላማ ተሰቀለ። ፕሮግራሙ ሲጀመር ግን ሜዳው ላይ ከሞንታርቦው የሚሰማው የራቀ ማጉረምረም ብቻ ሆነ።

"ቲቸር፣ የዛሬው ዜና ለበሬ ነው እንዴ?" አለ ከሰልፉ መሃል አንዱ። ሁሉም ሳቁ።

ቀና ስል ሞንታርቦው ጀርባውን ሰጥቶናል። ወደ ሚኒ ሚዲያው ክፍል ሮጥኩ። የክበቡ ሊቀ መንበር እጁ ዝገት በዝገት ሆኖ በሩ ላይ ቆሟል።

"ማን ነው ያዞረው?"

"እኛ ነን ቲቸር። አባቷ መምጣት ካልቻሉ ድምጿ ይሂድላቸው ብለን ነው።"

"ደንቡን አላያችሁትም?"

"አይተነዋል። ከፈለጉ በኋላ ይቅጡን፤ አሁን እያነበበች ነው።"

ወደ አጥሩ ሄድኩ። የምታነበው ራሷ የጻፈችውን ነበር፦ ጤዛ ማጭዱን እንዴት እንደሚያርሰው፣ አባቷ ሰው የማይሰማቸው ሲመስላቸው እንዴት እንደሚያንጎራጉሩ። ድምጿ በጉሙ ሥር አልፎ በማሳው ላይ ተዘረጋ። አባቷ አጎንብሰው ነበር። ቀስ ብለው ቀና አሉ፤ ወደ እኛ ሳይሆን ወደ ጉሙ ተመለከቱ፣ ድምፁ ከዚያ የሚመጣ ይመስል። ከዚያ ማጭዱን ነዶው ላይ አስቀመጡት። አንብባ እስክትጨርስ አላነሱትም።

ሰኞ ጠዋት የግቢው በር ላይ አገኘኋቸው። ጋቢያቸው ላይ ገለባ ተጣብቋል።

"ትቆይ" አሉኝ። "ግን ቀስ ብላ ታንብብ ይበሉልኝ፤ ግማሹን ነፋስ ወሰደብኝ።"

ሞንታርቦውን አልመለስኩትም፤ ሰልፉን ወደ አጥሩ በኩል አዛወርኩት። በሩ ላይ የነበረውንም ደንብ አንስቼ ሌላ ለጠፍኩ፦ በአጨዳ ወራት ቀስ ተብሎ ይነበባል።